ስመ ብዙው መንገድ

ዘይቱና መኪና ትነዳለች፤ ትልቁን መንገድ ግን አትወጣም። ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቢች ሰፈር ያለ አበሻ ሁሉ ይህን ያውቅላታል። ከቤቷ ተነሥታ አንሶላና ፎጣ የምታጥብበት የመሀል ከተማ ሆቴል እስክትደርስ፣ ሬኒየር አቬኑን ይዛ፣ መብራት በመብራት እየቆመች፣ አርባ ደቂቃ ትነዳለች። ባሏ ዓብዱልሀሚድ ታክሲ ነጂ ስለሆነ ነገሩ ያበሳጨዋል።

"በኤክስፕረስዌይ ብትሄጂ እኮ ሩብ ሰዓት ነው" ይላታል።

"ሩብ ሰዓት ያለ ነፍሴ ከምሄድ፣ አርባ ደቂቃ ከነነፍሴ ልሂድ" ትለዋለች።

ይስቃሉ። ፍርሃቷ ግን የሳቅ አልነበረም።

ሲያትል በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጎኗ ቆማ ፎጣ የምታጥፍ ሮዛ የምትባል ፊሊፒናዊት ለምን እንዳረፈደች ለአለቃቸው ስታስረዳ "ፍሪዌይ፣ ፍሪዌይ" ስትል ሰማቻት። ዘይቱና ካርቱም ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት ቤት አራት ዓመት ስለሠራች እንግሊዝኛ ቀማምሳለች። ሴትዮዋ ያገሯን ሰፊ መንገድ "ሞተርዌይ" ነበር የምትለው። ይኼኛውን ቃል ግን ሰምታው አታውቅም። ለብቻዋ ከፋፍላ ተረጎመችው። ፍሪ፣ ነጻ። ዌይ፣ መንገድ። ነጻ መንገድ። በእጇ የያዘችው ፎጣ መሬት ወደቀ።

ነጻ የሚለውን ቃል ያበላሹባት በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት "ነጻ እርምጃ ተወሰደባቸው" ይባላል፤ ማለዳ ደግሞ እርምጃው የተወሰደባቸው ልጆች አስፋልት ዳር ተጋድመው ይገኛሉ። ታላቅ ወንድሟ እንድሪስ የተገኘው ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነበር። ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል። እናቷ ማንበብ ስለማትችል፣ የተጻፈውን ያነበበችላት ዘይቱና ናት።

ይህን ለዓብዱልሀሚድ የነገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም፣ "ታዲያ አንቺ ኤክስፕረስዌይ በይዋ! እኔ ቺካጎ ሦስት ዓመት ስኖር ሰው ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው። መንገዱ ያው ነው፤ ስሙ ነው የሚለያየው" አላት። ከዚያች ቀን ወዲህ ያ ሌላው ቃል እቤታቸው ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም። ዓብዱልሀሚድ ትዕቢት ያለው ሰው ነው፤ የቺካጎውን እንግሊዝኛ ይኮራበታል። ለሚስቱ ሲል ግን ስልክ እያወራም፣ ከእንቅልፉ ባንኖ እንኳ፣ ያን ቃል አያወጣም ነበር።

መንገዱ ስሙ መብዛቱ እውነት ነው። እሁድ እሁድ ታክሲ ነጂዎቹ ተሰብስበው ሲጨዋወቱ፣ ከኒው ጀርሲ የመጣው "ተርንፓይክ" ይላል። ከሎስ አንጀለስ የመጣው ሲያትልን ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚሰነጥቀውን አይ ፋይቭን "ዘ ፋይቭ" ይለውና ይሣቅበታል። አንዱ "ሃይዌይ" ያለ እንደሆነ ደግሞ የሲያትል ሰው አሮጌውን ዘጠና ዘጠኝ ቁጥር መንገድ ያሳየዋል። ሁሉም መጀመሪያ ያረፈበትን ከተማ ቃል ይዞ መጥቷል፤ ሁሉም ትክክለኛው የኔ ነው ባይ ነው። ዘይቱና ሻይ እየቀዳች ትሰማቸዋለች። እሷን የሚያስፈራት መንገድ በምን በምን ስም እንደሚጠራ መስማት ደስ ባይላትም፣ የባሏን ስም ግን ለመደችው። ኤክስፕረስዌይ። ምንም ማለት አይደለም። በአማርኛ ሲገለብጡት ማንንም አይገድልም።

ነገሩ የደረሰው በፈረንጆች 1986፣ በጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ዘይቱና የዕረፍት ቀኗ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ወለሉ ከእግሯ ሥር ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ታች ቤት የምትኖረው ጎረቤቷ ገንዘብ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ስትመታ ነው። ምልክታቸው ነበር። አንድ ጊዜ ከሆነ "ነይ ሻይ ጠጪ"፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ "ድረሺልኝ"።

ገንዘብ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እርጉዝ ናት። ባሏ ሀብተ ጊዮርጊስ ኬንት ውስጥ አንድ መጋዘን ዕቃ ይጭናል። የመጀመሪያ ልጇን አዲስ አበባ በኦፕራሲዮን ነበር የተገላገለችው፤ ልጁ ግን አልቆየላትም። ለአሁኑ ሐኪሟ ደጋግሞ አስጠንቅቋታል። ምጥ የሚመስል ነገር ከተሰማሽ ቤት እንዳትቆዪ፣ የድሮው ስፌት ሊለቅ ይችላል ብሏታል። ቀኗ ደግሞ ገና አምስት ሳምንት ይቀረው ነበር።

ዘይቱና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ገንዘብ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ አጎንብሳ ቆማለች።

"ጀመረኝ መሰለኝ" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጠዋት። ወገቤን ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር።"

"ዝም ብለሽ! አንቺ ሴትዮ!"

ዘይቱና ባሏ የሚሠራበት የታክሲ ቢሮ ኮል አደረገች፤ ሰው ይዞ ኤርፖርት ሄዷል አሏት። መጋዘኑ ደወለች፤ ያነሣው ሰው "እነግረዋለሁ" ብሎ ዘጋባት። ሆስፒታሉ ደወለች። ነርሷ "መኪና አላችሁ?" ብላ ጠየቀቻት። አለ። "እንግዲያው አሁኑኑ አምጫት" አለቻት። መኪናውስ ደጅ ቆሟል፤ የጠፋው የነጂዋ ልብ ነው እንጂ።

ሆስፒታሉ ከመሀል ከተማ በላይ ኮረብታው ላይ ነው። ዘይቱና በሬኒየር አቬኑ በኩል አሳምራ ታውቀዋለች፤ ስለዚህ እስከዚህ ድረስ ብዙም አልፈራችም። ገንዘብን የኋላ ወንበር ላይ በጎኗ አስተኝታ ጋቢ ደረበችላትና ቢስሚላህ ብላ አስነሣች።

"አብሽሪ" አለቻት። "ግማሽ ሰዓት ብቻ ቻዪልኝ።"

"እችላለሁ፤ አንቺ ብቻ ቀስ በዪ" አለች ገንዘብ፣ ጥርሷን ነክሳ።

ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ሲደርሱ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ጠበቃቸው። ከመሬት ሥር የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ አስፋልቱን ገልብጦታል። የዝናብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ መሀል ቆሞ መኪናውን ሁሉ ወደ ግራ ይመልሳል። ዘይቱና ደግሞ መለዮ የለበሰ ሰው ስታይ ምላሷ ይታሰራል። መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

"ዳውንታውን" አለች። ሆስፒታል ማለት ነበረባት፤ ከኋላዬ ምጥ የያዛት ሴት አለች ማለት ነበረባት። ካፏ የወጣው ግን ያ ብቻ ነው።

"ሬኒየር ዝግ ነው፣ ማም። ወደ ላይ ውጪና ፍሪዌዩን ያዢ።"

ያን ቃል ስትሰማ፣ መሸሸጊያ እንደሚፈልግ ሰው የባሏን ቃል ያዘች።

"ኤክስፕረስዌይ?" አለችው። "ኤክስፕረስ የት ነው?"

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። "ኤክስፕረሱን ነው የምትፈልጊው? ኦኬ፣ አሁን ወደ ሰሜን ክፍት ነው። በኮሎምቢያን ዌይ ውጪና ፍሪዌዩ ላይ ስትገቢ ግራሽን ያዢ። ምልክቱን ታዪዋለሽ።"

እሷ የጠየቀችው አንድ መንገድ፣ እሱ የመለሰላት ሌላ መንገድ መሆኑን ሁለቱም አላወቁም። ከኋላ ክላክስ ተነፋ፤ ፖሊሱ እጁን አወናጨፈ፤ ዘይቱና ወደ ግራ ታጠፈች።

ቢከን ሂልን ስትወጣ ወደ ሰፈር መንገድ ልጥመዝመዝ ብላ አሰበች። ግን መንገዱን አታውቀውም፤ ገንዘብም ማቃሰቷ ቶሎ ቶሎ ሆኗል። "ሌላ መንገድ የለም ወይ?" አለች ለራሷ፣ በአፏ። "የለም" አለቻት ገንዘብ ከኋላ፣ የተጠየቀችው እሷ መስሏት።

መግቢያው ቁልቁል ወርዶ ትልቁ መንገድ ላይ ጣላት። መኪናው እንደ ክረምት ጎርፍ ይምዘገዘጋል። ጎርፍ እንኳ ድንጋይ ሲያገኝ ዞር ይላል፤ ይኼ ግን እሷን አይቶ ዞር የሚል አልመሰላትም። አንድ የጭነት መኪና አጠገቧ ደርሶ ጥሩንባውን ሲነፋው ዓይኗን ጨፈነች፤ እየነዳች ጨፈነች፤ ስትገልጠው አሁንም በሕይወት አለች። ፍጥነቱ ሠላሳ አምስት ማይል ነው። ከዚያ በላይ እግሯ አልታዘዛትም። የሚያልፏት ሁሉ ፊታቸውን አዙረው ያዩዋታል።

"ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች ከፊት።

"እመቤቴ ማርያም፣ እመቤቴ" ትላለች ገንዘብ ከኋላ።

ከተማው ሲቃረብ ከራሷ በላይ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ሰሌዳ መጣ። ከጽሑፉ መሀል አንድ ቃል ጎልቶ ታያት። ኤክስፕረስ። በማያውቁት ገበያ መሀል ዘመድ እንዳገኘ ሰው ደስ አላት። ቀስቱ ወደ ግራ ነው፤ ፖሊሱም ግራሽን ያዢ ብሏታል። ወደ ግራ ገባች።

ወዲያው በሁለቱም በኩል የሲሚንቶ ግንብ ተነሣ። መንገዱ ከሌላው ተለይቶ ዝቅ እያለ ሄደ። ዘይቱና ቀኟን አየች። ከግንቡ ማዶ፣ እሷ በተለየችው መንገድ ላይ፣ "ጄምስ ስትሪት" የሚል ሰሌዳ አለ። ዓብዱልሀሚድ አንድ ቀን ታስፈልግሽ ይሆናል እያለ መቶ ጊዜ የነገራት መውጫ ይህች ናት። "ጄምስ ላይ ኤግዚት አድርጊ፣ ሆስፒታሉ እላይሽ ላይ ነው።" በኮረብታው ላይም የሆስፒታሉ ፎቅ ለአፍታ ታየ። ከዚያ ግንቡ ጋረደው።

"ዘይቱና፣ አለፍነው እኮ" አለች ገንዘብ።

"አላለፍነውም።"

"አየሁት፣ በመስኮቱ አየሁት!"

"መውጫ ይመጣል። አብሽሪ፣ አሁን ይመጣል።"

መውጫ አልመጣም። የከተማው ፎቆች በግራ በቀኝ እየተንጋደዱ አለፉ፤ ከተማው አለቀ፤ መውጫ የለም። ማቆሚያ የለም፤ መዞሪያም የለም። ያላት ወደ ፊት መሄድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ደቂቃም ከሆስፒታሉ ያርቃታል። ከዚያ መንገዱ አንድ ረጅም ድልድይ ሥር ገባ። ሌላው መኪና ሁሉ በላይኛው ወለል ያልፋል፤ ኤክስፕረሱ ግን በታችኛው ነው። ከራሷ በላይ ያለው ጣሪያ ጎማ በተሽከረከረበት ቁጥር ይጮኻል። በዓምዶቹ መሀል፣ ከሥር፣ በጣም ከሥር፣ ግራጫው ውኃ ብልጭ ይላል።

ያን ጊዜ ነው የሮዛ ወሬ ትዝ ያላት። ሮዛ አንድ ቀን ፎጣ እያጠፈች፣ "ኤክስፕረሱ እኮ ጠዋት ወደ ከተማ ነው የሚገባው፤ ከሰዓት በኋላ ያው መንገድ ተገልብጦ ወደ ውጪ ይሄዳል" ስትላት ዘይቱና ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር። አሁን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። መንገዱ ይገለበጣል። በስንት ሰዓት? የሚገለብጠው ማን ነው? እኛ እዚህ መሀል ሳለን ቢገለብጡትስ? ከፊቷ አንድም መኪና የለም። ለምን የለም? ከጨለማው ሁለት መብራት ጎን ለጎን ሆኖ ብቅ አለ። ዘይቱና ጮኸች፤ እግሯን ፍሬኑ ላይ አሳረፈች።

"አትቁሚ!" አለች ገንዘብ። "ዘይቱና፣ በልጄ አትቁሚ!"

መብራቱ የግድግዳ መብራት ነበር። ሁለት የግድግዳ መብራት። ዘይቱና እንባዋ እየወረደ እንደገና ነዳጅ ሰጠችው።

ከድልድዩ ሳይወጡ ገንዘብ አንዴ ጮኸች። እንደ እስካሁኑ ዓይነት ጩኸት አልነበረም፤ አጭር ነው፣ የተደነቀ ሰው ድምፅ ይመስላል። "አንድ ነገር ተበጠሰ" አለች። "ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ።" ከዚያ ዝም አለች። ዘይቱና በዕድሜዋ ብዙ አስፈሪ ድምፅ ሰምታለች፤ እንደዚያ ዝምታ ያስፈራት ግን አልነበረም። ስሟን ደጋግማ ጠራችው። ዞሮ ማየት አይቻላትም። ዞር ካለች ግንቡ አለ።

ሲጨንቃት ሰሌዳ መጣ። ፎርቲ ሰከንድ ስትሪት። የት እንደሚያደርስ አታውቅም፤ መውጫ መሆኑን ብቻ አውቃ ወጣች። ከላይ ቀይ መብራት አለ፤ ከመብራቱ ወዲያ ፌርማታ ላይ አንድ አውቶቡስ ሰው ያወርዳል። ዘይቱና ቀዩን አልፋ መኪናዋን አውቶቡሱ ፊት በአግድም ገተረችና ዘላ ወረደች።

አውቶቡሱን የምትነዳው ፀጉሯ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ልትቆጣ በሩን ከፍታ ነበር፤ የዘይቱናን ፊት አይታ ተወችው።

"ኤክስፕረስዌይ!" አለች ዘይቱና። እንግሊዝኛዋ ሁሉ ጠፍቶባታል። "ሆስፒታል፣ ቤቢ፣ ኤክስፕረስዌይ!"

ሴትዮዋ አንድ ቃል አልጠየቀቻትም። ሮጣ የኋላውን በር ከፈተች፤ ጋቢውን ገልጣ አየችና ወደ አውቶቡሷ ተመልሳ ሬዲዮዋን አነሣች። "ፎርቲ ሰከንድ ነኝ፣ ከኤክስፕረስ ሌይኑ መውጫ ላይ። ከፍሪዌዩ ሳይሆን ከኤክስፕረስ ሌይኑ። የምትወልድ ሴት አለችኝ፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ፈጠን በሉ" ስትል ዘይቱና ሰማቻት። ከዚያ መጥታ የገንዘብን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዘይቱና ደግሞ እጇን ይዛ፣ ቀዝቃዛ እጇን፣ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ትላለች። ገንዘብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም።

"ቺካጎ ነበርሽ?" አለቻት ሴትዮዋ።

"ባሌ።"

"አውቄያለሁ። እኔም የዚያ ልጅ ነኝ። እዚያ መንገዱ በሙሉ ኤክስፕረስዌይ ነው። እዚህ ግን እሱን ፍሪዌይ ነው የሚሉት። ኤክስፕረስ የሚሉት መሀል ለመሀል የሚሄደውን ነው፤ ወደ ሰሜን ስትሄጂ ከተማው ውስጥ አያስወጣሽም። እኔም ስመጣ አንድ ሰሞን ጠፍቼበታለሁ።" የገንዘብን ግንባር በመሐረቧ ጠረገችላት። "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ልጅ።"

ዘይቱና ግን የሰማችው ሌላውን ነው። ሁለት መንገድ። አንዱ ስም ሁለት መንገድ ነበር።

አምቡላንሱ በአራት ደቂቃ ደረሰ። ገንዘብን የወሰዷት ኮረብታው ላይ ወዳለው አይደለም፤ ውኃው ዳር ወዳለው፣ ለዚያ መውጫ ቅርብ ወደሆነው ሌላ ሆስፒታል ነው። ዘይቱና ከኋላ ተከትላ ሄደች። እንዴት እንደነዳች በኋላም አላስታወሰችውም።

ከሆስፒታሉ ተደውሎላቸው ዓብዱልሀሚድና ሀብተ ጊዮርጊስ ተከታትለው ደረሱ። ሀብተ ጊዮርጊስ የመጋዘኑ ጓንት እጁ ላይ እንዳለ ነው የመጣው። ዕድሜው ወደ ሃምሳው ነው፤ ዘይቱና ጋሼ ትለዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጣ። ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ ናት፤ ማሞቂያ ውስጥ ትቆያለች፤ ትንፋሿ ግን መልካም ነው። እናቲቱም በሕይወት አለች። ስፌቱ ለቆ ነበርና ደሙን ለማቆም ማሕፀኗን አውጥተናል፤ ከእንግዲህ አትወልድም አላቸው።

ሀብተ ጊዮርጊስ ተነሥቶ መጣና የዘይቱናን ትከሻ ሳመ። "ነፍሷን አተረፍሽልኝ" አላት። "የልጄንም፣ የሷንም።"

ዘይቱና እውነቱን መንገር ፈራች፤ ዝም ማለትም ሌላ ፍርሃት ሆነባት። "እግዜር ይማርልዎት፣ ጋሼ" አለች፣ እሱ በሚያውቀው አጠራር።

ወደ ቤት የነዳው ዓብዱልሀሚድ ነው። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ "እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ስሙን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት እዚህ ከተማ ታክሲ ነድቼ፣ ኤክስፕረስ ሌይኑን በቀን አምስት ጊዜ እያየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩሽም። በራሴ ቃል መኩራት ነበር ሥራዬ።"

"ለኔ ብለህ ነው ያልከው።"

"ለአንቺም ነው። ለራሴም ነው።"

"ፖሊሱን ሆስፒታል ብለው ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ልትጨርሰው አልቻለችም። ዓብዱልሀሚድ መኪናውን ዳር ይዞ ፓርክ አደረገና፣ ሁለቱም እዚያው አለቀሱ።

በሳምንቱ ሀብተ ጊዮርጊስ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ገንዘብ ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ልጅቷ ግን ገና ማሞቂያ ውስጥ ናት። ገንዘብ በየቀኑ ሄዳ ልታጠባት ትፈልጋለች። እሱ ሥራ ላይ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ሁለት መቀያየር አለበት፣ ስፌቷም አልደረቀም።

"ካንቺ በቀር ማንን እጠይቃለሁ?" አላት።

ዘይቱና አልችልም ለማለት አፏን ከፈተች። ያ መንገድ እሁድ ሌሊት፣ ሰኞ ሌሊት፣ በየሌሊቱ በሕልሟ ይመጣባታል፤ መውጫ የሌለው፣ ጣሪያው የሚጮኸው። ደግሞም ገንዘብን ቀና ብላ ማየት አቅቷት ሳምንቱን ሙሉ ታች አልወረደችም። "እሺ ጋሼ" አለች። ለምን እንዳለች አታውቅም።

የመጀመሪያው ቀን መግቢያው ጋ ሳይደርሱ መኪናውን አቁማ አስመለሳት። አፏን ጠርጋ ተመልሳ ገባች። ገንዘብ ከጎኗ ተቀምጣ የነበረችው ሰሌዳ ልታነብላት ተስማምተው ነው። ዘይቱና ዓይኗን ከመንገዱ ማንሣት ስለማትደፍር ገንዘብ ታነባለች፤ ጮክ ብላ ታነባለች። "ስፖኬን ስትሪት። አሁን ዲርቦርን። ኤክስፕረስ መጣ፣ ቀኝሽን፣ ቀኝሽን ያዢ!" ሁለቱም አንድ ላይ "ቀኝ!" ብለው ይጮኻሉ። ያን መለያያ ባለፉ ቁጥር የዘይቱና ሸሚዝ ጀርባዋ ላይ ይጣበቃል። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያ ሆነ፤ አሥረኛውም። ሰው ይለመዳል ይላታል፤ እሷ አልለመደችውም። ሮዛ ሰምታ፣ "ፍሪዌይ ማለት እኮ መብራት የሌለው፣ መንገድ ላይ ማንም የማያስቆምሽ ማለት ነው" ብላ ልታጽናናት ሞከረች። ዘይቱና አመሰገነቻት። ማንም የማያስቆምሽ መባሉ ግን የሚያጽናና ሆኖ አላገኘችውም።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ በላይኛው የድልድይ ወለል ላይ፣ ሰማይ እየታያቸው ሲሄዱ፣ ዘይቱና ድንገት ተናገረች። መንገዱን እያየች ነው የተናገረችው፤ እንዲያ ባይሆን አትችልም ነበር።

"ያን ቀን ሆስፒታሉን ያለፍነው በኔ ጥፋት ነው። ፖሊሱን የተሳሳተ ቃል ጠየቅኩት። በጄምስ ብወጣ ኖሮ..."

"አውቃለሁ" አለች ገንዘብ።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ዓብዱልሀሚድ ለሀብተ ጊዮርጊስ ነገረው። ከዚያ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ሐሙስ ዕለት አሥር ደቂቃ ቀድሜ ብደርስ ማሕፀኔ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ።"

"ምን አለሽ?"

"ሊተርፍም ይችል ነበር፣ ላይተርፍም ይችል ነበር፤ ማንም ማወቅ አይችልም አለኝ።" ገንዘብ ቀበቶዋን ከስፌቷ ላይ ፈቀቅ አደረገች። "ሦስት ቀን ተናድጄብሻለሁ። እውነቴን ነው። ለዚህ ነው አንቺ ሳትወርጂ እኔም ያላንኳኳሁት። ከዚያ ግን አሰብኩት። ከጠዋት ጀምሮ ወገቤን ነው ብዬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሶ፣ ብቻሽን አትሸከሚው።"

የዘይቱና እንባ ወረደ። መኪና ሲያልፋቸው ደነገጠች።

"መውጫችን ደረሰ" አለች ገንዘብ። "ዓይንሽን ጥረጊና ቀኝሽን ያዢ።"

ልጅቷን ወደ ቤት ያመጧት በተወለደች በሠላሳ አንደኛው ቀን ነው። ውባንቺ አሏት። ሀብተ ጊዮርጊስ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ከፊት ተቀመጠ፤ ገንዘብ ሕፃኗን ይዛ ከኋላ ሆነች። ዝናቡ ሲያትልን ሊያጥብ የመጣ ይመስላል። ከተማውን ሲያልፉ አንድ ተሳቢ የጎን ውኃውን መስታወቱ ላይ ገለበጠው፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ምንም አልታይ አለ። ዘይቱና ድምፅ አውጥታ ጮኸች። ሀብተ ጊዮርጊስ ዳሽቦርዱን ጨበጠ። መጥረጊያው ሲመለስ መንገዱ እዚያው አለ፤ ውባንቺም ተኝታለች።

ቤታቸው በር ላይ ደርሰው ሞተሩን አጠፋች። ገንዘብ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሀብተ ጊዮርጊስ ዕቃውን አስገብቶ ሲመለስ፣ ዘይቱና መሪውን እንደያዘች ተቀምጣለች።

"ደርሰናል እኮ፣ ዘይቱና" አላት በመስኮቱ።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። እርስዎ ይግቡ። እኔ ትንሽ ልቀመጥ።"

ሀብተ ጊዮርጊስ ጥቂት ዝናቡ ላይ ቆመ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ተመልሶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውንም ጭኑ ላይ አኖረ።